ማርስን ገና አልቆፈርናትም፦ «ፈልገው አጡ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በተማሪዎች ስልክ አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ነበር። ማርስ ላይ ሕይወትን ፍለጋ የሚላኩ ሮቦቶችን አጥብቆ ይቃወማል። እኔ እዚሁ መሃል አዲስ አበባ ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» እያሉ ሲልኩልኝ ከረሙ። ክፍል ውስጥ በአምስት ደቂቃ ተመልሶ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ጸሐፊው ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ማርስ ላይ ሕይወት አለ ወይ የሚለው ጥያቄ በ1976 ተመልሷል፤ ቫይኪንግ የተባለችው መንኮራኩር ሄዳ ፈትሻ ምንም አላገኘችም። ላዩ ባዶ መሆኑ ሲታወቅ ሳይንቲስቶቹ «እንግዲያው ከመሬት በታች ይሆናል» የሚል ሰበብ አመጡ። ሮቦት ደግሞ መቆፈር አይችልም፤ አንዱ ተሞክሮ ከሽፏል፤ ሰው ቢላክ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ሳይንቲስቶቹ በየጊዜው «ሕይወት ተገኘ» እያሉ ያታልሉናል። ፈጣሪ ሕይወትን የሰጠው ለምድር ብቻ ነው። በመጨረሻም፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለድሃ ቢሰጥ ይሻል ነበር፤ የአራት ኪሎ ልጆችም በማይመለከታቸው ነገር ጊዜያቸውን ባያባክኑ ጥሩ ነው።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ ያስታውቃል። በተለይ ስለ ድሃው የጻፉት ከልባቸው ነው። እኔም በዚያው መንፈስ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«በ1976 ተፈትሾ አልቋል»

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነጥብ ነው። የቀረው ክርክራቸው በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነውና።

በ1976 ናሳ ሁለት መንኮራኩሮችን ማርስ ላይ አሳርፏል። ቫይኪንግ 1 ጁላይ 20፣ ቫይኪንግ 2 ደግሞ ሴፕቴምበር 3 ቀን አረፉ። እያንዳንዳቸው ሕይወትን የሚፈልጉ ሦስት ሙከራዎች ይዘው ነበር። ከሦስቱ አንዱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጥቂት አፈር ይወሰድና ምግብ ያለበት ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል። በምግቡ ውስጥ ያለው ካርቦን ራዲዮአክቲቭ ስለሆነ የትም ቢሄድ ይታወቃል። አፈሩ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ካሉ ምግቡን ተመግበው ጋዝ ያስወጣሉ። መሣሪያው ያንን ጋዝ ይቆጥራል።

ታዲያ ጋዝ ወጣ። በሁለቱም ቦታ ወጣ። ለማመሳከሪያ ተብሎ አስቀድሞ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተጋገረው አፈር ግን ዝም አለ። ሕይወት ቢኖር ይጠበቅ የነበረው ልክ ይኸው ነው። ሙከራውን የመሩት ጊልበርት ሌቪን ሕይወት እንዳገኙ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲከራከሩ ኖረዋል።

አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ግን አልተቀበሏቸውም። ምክንያቱ እዚያው መንኮራኩር ላይ የነበረ ሌላ መሣሪያ ነው። ይህኛው አፈሩን እያሞቀ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን ይፈልግ ነበር። ሕይወት የሚገነባባቸውን የካርቦን ውህዶች ማለት ነው። ያገኘው ግን ክሎሪን ያለባቸው ጥቂት ውህዶችን ብቻ ሆነ። እነሱም ከምድር አብረው የሄዱ የጽዳት ኬሚካል ቅሪቶች ናቸው ተባለ። ኦርጋኒክ ነገር ከሌለ ሕይወት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ጋዙን ያወጣው የአፈሩ ኬሚስትሪ ነው ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ።

ጸሐፊው የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ግን 32 ዓመት ቆይቶ ቀጥሏል።

በ2008 ፊኒክስ የተባለች መንኮራኩር በማርስ ሰሜናዊ ክፍል አረፈች። አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘች። ይህ ጨው ቀዝቃዛ ሲሆን ያን ያህል አያስቸግርም። ሲሞቅ ግን ኦክስጅን ይለቅና አጠገቡ ያለውን ኦርጋኒክ ነገር ያቃጥለዋል። በ2010 ራፋኤል ናቫሮ-ጎንዛሌዝና ባልደረቦቻቸው የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ከቺሊው የአታካማ በረሃ አፈር ወስደው፣ ፐርክሎሬት ጨምረው አሞቁት። የወጡት ውህዶች ቫይኪንግ ያገኘቻቸው ዓይነት የክሎሪን ውህዶች ነበሩ።

አያችሁ ነገሩን? የቫይኪንግ ምድጃ ሊፈልገው የሄደውን ነገር ራሱ ሳያቃጥለው አልቀረም። በ2018 ደግሞ የኪዩሪዮሲቲ ሮቨር (ማርስ ላይ እየተሽከረከረች የምትመረምር ሮቦት ናት) ሳይንቲስቶች 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የሐይቅ ጭቃ አለት ውስጥ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ፋይሉ የተዘጋበት ምክንያት በዚህ ተነሣ።

ይህ ማለት ቫይኪንግ ሕይወት አግኝታለች ማለት አይደለም። እኔም እንደዚያ አላምንም። ነገር ግን «ፈትሸው ምንም እንደሌለ አረጋገጡ» ብሎ ለተማሪ መንገር ትክክል አይደለም። አላረጋገጡም። የተገኘው መልስ ግልጽ አልነበረም፤ ለምን ግልጽ እንዳልሆነም በኋላ ተደርሶበታል።

«ከመሬት በታች የሚለው ሰበብ ነው»

የዚህ መልስ የሚጀምረው እዚሁ አራት ኪሎ ነው።

በሳይንስ ፋኩልቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲለካ ኖሯል። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እዚህ የሚለካው ነገር በሌላው ዓለም ላሉ ተመራማሪዎችም ያስፈልጋቸዋል። በነገራችን ላይ በየቀኑ በግቢው አጥር ሥር የሚያልፈው ሰው ይህን ቢያውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ! ያ መስክ ከወፍራሙ ከባቢ አየራችን ጋር ሆኖ ከሕዋ የሚዘንብብንን ጨረር ይመክትልናል።

ማርስም ድሮ ይህ መስክ ነበራት። የዛሬ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አጣችው። ከባቢ አየሯም እየሳሳ ሄዶ ዛሬ የአየር ግፊቷ ከምድር 1 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ ጨረሩ ያለ ከልካይ መሬቱን ይመታዋል። ኪዩሪዮሲቲ በ2012 ካረፈች በኋላ መጠኑን ለክታዋለች። በቀን 0.67 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው። እዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። የእኛ የዓመቱ ድርሻ ማርስ ላይ በአራት ቀን ይሞላል ማለት ነው።

አሁን ይህ በአንድ ዓመት ወይም በሺህ ዓመት ሳይሆን በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ይታሰብ። ትልልቆቹ ሞለኪውሎች አንድ በአንድ ይሰባበራሉ። የጥንት ሕይወት ትቶት ያለፈ ዱካ ቢኖር ላዩ ላይ የነበረው እንዲህ ሆኖ ይጠፋል። ወደ ታች ሲወረድ ግን አፈሩና አለቱ ራሳቸው ጨረሩን ያስቀሩታል። ሁለት ሜትር ገደማ ሲደረስ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። ሳይንቲስቶቹ «ከታች» የሚሉት ለዚህ ነው። ስሌቱ የፊዚክስ ነው፤ ጨረሩም በመሣሪያ የተለካ ነው።

ታዲያ እስካሁን ስንት ቆፍረናል? የቫይኪንግ ክንድ የጫረው ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው። ፊኒክስ የቆፈረችው ቦይ ከዚያ አይበልጥም። ኪዩሪዮሲቲና ሌላዋ የናሳ ሮቨር ፐርሲቪራንስ የሚሰረስሩት ከ6 እስከ 7 ሴንቲሜትር ነው። ከጣት አይረዝምም። ከቫይኪንግ ወዲህ በግማሽ ክፍለ ዘመን የደረስንበት ጥልቀት ይኸው ነው።

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ፎቅ ሊሠራ ሲታሰብ መጀመሪያ የአፈር ምርመራ ይደረጋል። ማሽን ይተከልና አለቱን እየሰረሰረ ናሙና ያወጣል። ናሙናው በሳጥን ተደርድሮ ባለሙያ ያየዋል። ላዩን በአካፋ ጭሮ «መሬቱ እንዲህ ነው» ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ የለም። ማርስ ላይ ያደረግነው ግን ያንን ጫር ጫር ብቻ ነው። ጸሐፊው በዚያ ላይ ተመሥርተን እንፈርም ይላሉ።

ደግሞ ከመሬት በታች ሕይወት መኖሩ ባዶ ምኞት አይደለም። ምድራችን ላይ አለ፤ ያውም አፍሪካ ውስጥ። በደቡብ አፍሪካ ምፖኔንግ በተባለው የወርቅ ማዕድን ማውጫ 2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በአለት ስንጥቅ ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ተገኝቷል። ፀሐይ አይቶ አያውቅም። በአለቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም የሚያወጣው ጨረር ውሃውን ይሰነጥቀውና ሃይድሮጅን ይፈጠራል። ባክቴሪያው የሚኖረው በዚያ ነው። ከየትኛውም ዛፍና ሣር ጋር አይገናኝም። አለትና ውሃ ማርስም አሏት፤ አለቷም ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች አሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ጸሐፊው አቀላቅለውታልና። ሁለት ሜትር ገብቶ የሚፈለገው በአብዛኛው የጥንት ሕይወት ዱካ ነው እንጂ ዛሬ የሚንቀሳቀስ ፍጡር አይደለም። ዛሬም በሕይወት ያለ ነገር ካለ ፈሳሽ ውሃ ያለበት ቦታ ይሆናል። እሱ ደግሞ በጣም ጥልቅ ነው። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት ከኢንሳይት መንኮራኩር የመሬት ንዝረት ልኬት ተነሥቶ፣ ከ11.5 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ በአለት ስንጥቆች ውስጥ ፈሳሽ ውሃ ሊኖር ይችላል ብሏል። እዚያ የሚደርስ ሮቦት የለንም፤ በቅርቡም አይኖረንም። ጸሐፊው «ያ የማይቻል ነው» ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ሜትሩንም አብረው ጣሉት።

«ሮቦት አይችልም፤ ሰው ይላክ»

ከሸፈ የተባለው ተሞክሮ እውነት ነው። ኢንሳይት በኖቬምበር 2018 ስታርፍ 40 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ራሱን እየመታ የሚገባ ዘንግ ይዛ ነበር። ዓላማው እስከ 5 ሜትር ወርዶ የማርስን የውስጥ ሙቀት መለካት ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ተለፋበት። መጨረሻ ላይ ራሱን ብቻ ቀብሮ ቀረ። በጃንዋሪ 2021 ተስፋ ተቆረጠበት።

ለምን ከሸፈ? ያ ዘንግ በእያንዳንዱ ምት ወደ ኋላ እንዳይመለስ ዙሪያውን የሚይዘው አፈር ያስፈልገዋል። እዚያ ያለው አፈር ግን እንደተጠበቀው አልያዘውም። ችግሩ የአፈሩና የዘዴው አለመጣጣም ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ሮቦት መቆፈር አይችልም» ሲሉ አንዱን መሣሪያ ለሁሉም ዋስ ጠሩት።

የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ የሚያዘጋጃት ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሮቨር የምትሠራው በሌላ መንገድ ነው። መሰርሰሪያዋ እየተሽከረከረ ይገባል። አንዱ ዘንግ ሲያልቅ ሌላ ይቀጠልለታል። እንዲህ እየተቀጣጠለ ሁለት ሜትር ይደርሳል። የሮቨሯ ክብደት ከላይ ስለሚይዘው በአፈሩ መያዝ ላይ ብቻ አይተማመንም። እኛ አገር ጉድጓድ ሲሰረሰር ውሃ እየተለቀቀ መሰርሰሪያው ይቀዘቅዛል። እዚያ ውሃ የለም፤ በደረቁ ነው የሚሰረሰረው። ኃይሉም ከፀሐይ የሚገኝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ሥራው ዝግ ያለ ነው። የት መቆፈር እንዳለባት ለማወቅ ደግሞ ከመሬት በታች የሚያይ ራዳር ይዛለች። የምታርፈው ኦክሲያ ፕላነም በተባለ፣ ሸክላ በበዛበትና ዕድሜው ወደ 4 ቢሊዮን ዓመት በሚጠጋ ሜዳ ላይ ነው። ሸክላ የሚፈጠረው ውሃ ባለበት ነው፤ ኦርጋኒክ ነገርንም ጠብቆ ያቆያል።

ይህች ሮቨር ብዙ ተንገላታለች። መጀመሪያ ለ2018 ታቅዳ ነበር። ከዚያ ወደ 2020፣ ከዚያ ወደ 2022 ተገፋች። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከሩሲያ ጋር የነበረው ትብብር ተቋረጠ። አሁን የታቀደው በ2028 ተነሥታ በ2030 እንድታርፍ ነው። መዘግየቱ ያናድዳል፤ እኔንም ያናድደኛል። የዘገየ ነገር ግን አልተሞከረም እንጂ አልከሸፈም።

ሮቦት ሲበላሽ ነገር ሁሉ ያከትማል የሚለውም ልክ አይደለም። በዲሴምበር 2016 የኪዩሪዮሲቲን መሰርሰሪያ ወደፊት የሚገፋው ክፍል እምቢ አለ። ከምድር የሚላክ ትእዛዝ ማርስ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቀርቦ የሚፈታው ሰው የለም። መሐንዲሶቹ እዚህ ምድር ላይ ባለችው አምሳያ እየሞከሩ፣ በክንዷ ኃይል መሰርሰሪያውን የምትገፋበት አዲስ ዘዴ አገኙ። በሜይ 2018 እንደገና ሰረሰረች። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ልጆቹ ዝም ብለው ያዳምጡኛል።

«ሰው ይላክ» የሚለው ደግሞ ራሱ ትልቅ ችግር ይዞ ይመጣል። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥና ላይ በትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ሰውየው ቆፍሮ ባክቴሪያ ቢያገኝ የማን ነው? የማርስ ነው ወይስ የሱ? ቫይኪንጎቹ ከመነሣታቸው በፊት ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ቀን በላይ ተጋግረዋል። የምድርን ተሕዋስያን ይዘው እንዳይሄዱ ነው። በ1967ቱ የሕዋ ስምምነትም አገሮች ሌሎች የሰማይ አካላትን እንዳይበክሉ ግዴታ ገብተዋል። ሰውን መጋገር አይቻልም። ሕይወትን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ንጹሕ ሮቦት ይልካል።

«በየጊዜው ሕይወት ተገኘ ይላሉ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በ1996 ኤ.ኤል.ኤች. 84001 በተባለ፣ ከማርስ ተነሥቶ አንታርክቲካ ላይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ የሕይወት ዱካ ሳይገኝ አልቀረም ተብሎ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጡበት። በኋላ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ያ ሁሉ ያለ ሕይወትም ሊፈጠር ይችላል ወደሚል ድምዳሜ መጡ። ግን ማን አረመው? ሌሎች ሳይንቲስቶች ናቸው። ያታለለ ሰው ራሱን በአደባባይ አያርምም።

ከዚያ ትምህርት ተወስዷል። በ2021 የናሳ ሳይንቲስቶች ሰባት ደረጃዎች ያሉት መለኪያ አቀረቡ። መጀመሪያው «አንድ አጠራጣሪ ምልክት ታየ» ነው። ከዚያ ከምድር የሄደ ብክለት አለመሆኑ፣ ያለ ሕይወት ሊፈጠር አለመቻሉ እየተባለ አንድ በአንድ ይወጣል። በ2024 ፐርሲቪራንስ ያገኘችውን ድንጋይ እንውሰድ። ቼያቫ ፎልስ ይባላል። የነብር ነጠብጣብ የሚመስሉ ቀለበቶች አሉበት። ነጠብጣቦቹ ቪቪያናይትና ግሬጋይት የተባሉ የብረት ማዕድናት አሏቸው። በምድር ላይ እነዚህ ብዙ ጊዜ ከረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ጋር ይገናኛሉ። ያለ ሕይወት ሊፈጠሩም ይችላሉ። በሴፕቴምበር 2025 ጥናቱ ሲወጣ ሳይንቲስቶቹ ያሉት «ሊሆን የሚችል የሕይወት ምልክት» ነው። ሕይወት ተገኘ አላሉም። «ተገኘ» ብሎ ርዕስ የሰጠው ዜናውን ያራገበው ሰው ነው።

ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ማርስ መሄድ አያስፈልግም። አፋር ይበቃል።

ዳሎልን በፎቶ ያላየ የለም። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ የሚፍለቀለቀው አሲድ። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ጨውም፣ አሲድም፣ ሙቀትም አንድ ላይ የተገናኙበት እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። በ2019 ፌሊፔ ጎሜዝ የመሩት ቡድን በዳሎል እጅግ ደቃቅ የሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን ማግኘቱን አሳተመ። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈ ባለሙያም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ ያሉበት ሌላ ቡድን ደግሞ ተቃራኒውን ጻፈ። እጅግ አሲዳማና ማግኒዥየም በበዛባቸው ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ነገር አላገኘንም አለ። ከዚህም አልፎ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሴል የሚመስሉ ነገር ግን ተራ የማዕድን ቅንጣቶች የሆኑ ነገሮች መኖራቸውን አሳየ።

ይህን ልብ እንበል። ቦታው ምድር ላይ ነው። ሰዎቹ በእግራቸው ገብተዋል። ናሙናውን በእጃቸው ይዘዋል። ያሏቸው ላቦራቶሪዎች የዓለም ምርጥ ናቸው። እንዲያም ሆኖ አንዱ «አለ»፣ ሌላው «የለም» ይላል። ታዲያ በመቶ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከጣት በማይረዝም ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ነገር በአንድ ቀን እንዲወስኑ እንዴት ይጠበቃል? ደግሞስ አንዱ ጥናት ሌላውን ሲቃወም ማየት ለምን ማታለል ይባላል? ለእኔ እምነት የሚሰጠኝ ይኸው ነው።

ስለ ፈጣሪ የተነሣው

በዚህ ከጸሐፊው ጋር ክርክር አልገጥምም። እኔም አማኝ ነኝ፤ ቅድስት ሥላሴን ሳልሳለም የማልፍበት ቀን ጥቂት ነው። መሰርሰሪያ የእምነትን ጥያቄ አይመልስም፤ ሊመልስም አይላክም። የተፈጠረውን መመርመር ፈጣሪን መዳፈር ነው የሚል ትምህርት ግን አልተማርኩም።

«ገንዘቡ ለድሃ፤ ልጆቹም ወደ ሥራቸው»

የፐርሲቪራንስ ጠቅላላ ወጪ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተቀምጦ ይህን ቁጥር ሲያነቡ ሆድ ይብሳል። እኔም ውሃ በፈረቃ ከሚያገኙት አንዱ ስለሆንኩ ይገባኛል።

ነገር ግን ገንዘቡ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። የናሳ በጀት በሙሉ ከአሜሪካ የፌዴራል በጀት ግማሽ በመቶ አይደርስም። ነገ ሮቨሮቹ ቢቀሩ ያ ገንዘብ ተነሥቶ ወደ እኛ ቧንቧ አይመጣም። ኢትዮጵያ ማርስን ለመቆፈር የመደበችው በጀት የለም። እኛ ለሕዋ ያወጣነው ወደ ታች፣ ወደ ራሳችን መሬት ለማየት ነው። በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ለግብርና፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለመሳሰሉት ምስል እንድታነሣ የተሠራች ነበረች፤ ከወጪዋም ትልቁን ድርሻ የሸፈነችው ቻይና ናት። ጸሐፊው ሁለቱን ወጪዎች በአንድ ቋት ከተው ነው የተቆጡት።

«የማይመለከታቸው ጉዳይ» የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥ አልጋችን ሲወዛወዝ፣ ፎቅ ላይ ያሉት በደረጃ ሲወርዱ፣ ሁላችንም የሮጥነው ወደ ጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ማብራሪያ ነበር። ኢንሳይት የማርስን ንዝረት የለካችበት ሳይንስና የእነሱ ሳይንስ አንድ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይ የእንፋሎት ኃይል ፍለጋ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የወረዱ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በ1980ዎቹ ነው። መሰርሰሪያ፣ የአለት ናሙና፣ የመሬት ውስጥ ሙቀት፣ ጨዋማ ውሃ፤ እነዚህ ሁሉ የስምጥ ሸለቆ ልጆች የዕለት ጉዳይ ናቸው። በማርስ ሰበብ ኬሚስትሪ የወደደ ተማሪ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ሲመረምር ሊገኝ ይችላል። እኔ ያስተማርኳቸው አሉ፤ ስለ ሮቨር እየጠየቁ ጀምረው ጂኦሎጂ የገቡ።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያ የዳሎል ክርክር እስከ ዛሬ በዋናነት የሚካሄደው በአውሮፓ ላቦራቶሪዎች ነው። ናሙናው ከእኛ መሬት ተነሥቶ ይሄዳል፤ መልሱን ከውጭ እናነባለን። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ኦክሲያ ፕላነም ላይ ስትሰረስር የሚወጣውን ውጤት ከምን ጋር እናነጻጽረው ሲባል ከሚጠሩት ቦታዎች አንዱ ዳሎል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ከአራት ኪሎም ይሁን ከመቀሌ ወይም ከሰመራ፣ የራሱን ናሙና የቀዳ፣ እዚሁ የመረመረና ከሁለቱ ቡድኖች የትኛው ልክ እንደሆነ በስሙ የሚጽፍ አንድ የኢትዮጵያ ቡድን ቢኖረን እወዳለሁ። ጸሐፊው «ተዉት» የሚሏቸው ልጆች ይህን የሚሠሩት ናቸው።